ለኮርኒስ ዙሪያ ጌጥ ጂፕሰም ይሻላል ፎም? ቀለሙስ መቼ ይቀባ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው የምኖረው። ሳሎናችን 4 በ5 ሜትር ነው። ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ኮርኒሱ ችፕውድ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ልጄን ልድር ስለሆነ ቤቱን ላሳምር ብዬ ግድግዳውና ኮርኒሱ የሚገናኙበት ላይ ዙሪያውን የሚለጠፈውን ጌጥ ላሠራ አሰብኩ። አንዱ ባለሙያ ጂፕሰም ይሁን ይላል፣ ሌላው ፎም፣ ያ ነጭና ቀላል የዕቃ ማሸጊያ ዓይነቱ። ጎረቤቴ ያሠራችው ጂፕሰም ዓመት ሳይሞላው ተሰነጣጠቀ፣ ማዕዘኑም አልገጠመም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እንኳን ልጅዎን ለወግ ማዕረግ ለማየት አበቃዎት! ለእርስዎ ቤት ፎሙን ያሠሩ። ጂፕሰም መጥፎ ሆኖ አይደለም። የብሎኬት ግድግዳና ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ) ላለው ቤት እሱን የሚያህል የለም። የእርስዎ ጣሪያ ግን ቆርቆሮ ነው። የአዳማን የቀን ሙቀት ያውቁታል፤ ቀን ቆርቆሮው ይግላል፣ ማታ ይበርዳል፣ ከሥሩ ያለው ኮርኒስም አብሮ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ጂፕሰም ደግሞ ደረቅ ነው፣ አይለጠጥም፣ ስለዚህ መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። የጎረቤትዎም ቤት እንደ እርስዎ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። ክብደቱም አለ፤ ልስኑ ከጭቃው የለቀቀ ቦታ ካለ ይዞት ይወርዳል።

ፎም ቀላል ነው፣ በማጣበቂያ ብቻ ይያዛል። ግን አንድ ጠላት አለው፤ ቤንዚን፣ ቲነርና የመሳሰሉት ያሟሙታል። ስለዚህ በማስቲሽ አያስለጥፉት፣ የዘይት ቀለምም አያስቀቡት። ማጣበቂያ ሲገዙ ለፎም የሚሆን መሆኑን ጠይቀው፣ መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ይሞክሩት። ደግሞ ፎም እሳት አይችልም፣ ምድጃ ካለበት ክፍል ያርቁት።

ስንት ይገዛ? የሳሎንዎ ዙሪያ 18 ሜትር ነው። ለቁርጥራጭ 10 በመቶ ያህል ሲጨምሩበት 20 ሜትር ግድም ይሆናል፣ ባለ 2 ሜትሩን ካገኙ 10 ፍሬ ማለት ነው።

አሁን ወደ ማዕዘኑ እንምጣ፣ ሥራው የሚበላሸው እዚያ ነውና። ባለሙያው ሁሉንም 45 ዲግሪ ቆርጦ ይመጣል። 45 እና 45 የሚገጥመው ማዕዘኑ ልክ 90 ሲሆን ነው፣ የጭቃ ቤት ማዕዘን ደግሞ 90 ከሆነ ተአምር ነው! 92 ከሆነ እያንዳንዱ 46 መቆረጥ አለበት። መለኪያ ባይኖርም ችግር የለም። አንድ ቁራጭ ጥጉ ላይ ልክ እንደሚለጠፈው ያስጠጉና የኮርኒስ በኩሉን ጠርዝ ተከትለው ኮርኒሱ ላይ በእርሳስ ያስምሩ፣ በሌላኛው ግድግዳም እንደዚያው፣ ሁለቱ መስመሮች እስኪቋረጡ ድረስ። ከተቋረጡበት ነጥብ ወደ ጥጉ የሚሄደው መስመር የመቁረጫው አቅጣጫ ነው። ሲቆረጥ ደግሞ ጌጡ ተገልብጦ ነው የሚቀመጠው፤ ኮርኒሱን የሚነካው ጎን ወደ ታች። ይህን የረሳ ሰው ግማሹን ዕቃ ገልብጦ ይቆርጥና "አነሰ፣ ጨምሩ" ይላል።

ከመለጠፉ በፊት የሚረግፈው ቀለም ይፋቅ፣ አቧራው ይጠረግ። ከተለጠፈ በኋላ በመጋጠሚያው ላይ የሚቀረውን ክፍተት በስቱኮ ብቻ ከሞሉት ደርቆ ይጠነክርና በሙቀቱ ተመልሶ ይሰነጠቃል። ሲልከንም አይሁን፣ ቀለም አይዝም። የሚለጠጥና ቀለም የሚቀበል፣ አክሪሊክ የሚባለውን መሙያ ይጠይቁ።

ቀለሙ ፕላስቲክ ቀለም ይሁን። የመጀመሪያውን እጅ ሳይለጠፍ፣ መሬት ላይ ይቀቡት፣ አንገትም ያርፋል። ከተለጠፈና ማጣበቂያው አንድ ቀን ካደረ በኋላ መጋጠሚያው ይሞላና ሁለተኛው እጅ ይደገማል። ቅደም ተከተሉ ኮርኒስ፣ ከዚያ ጌጡ፣ ግድግዳው መጨረሻ። አዳማ በነፋሷ መብራት የሚመነጭባት ከተማ ናት፣ አቧራው እርጥብ ቀለም ላይ ሲያርፍ አይለቅም፤ ነፋሻ ቀን ከሆነ መስኮቱን ዘግተው ያስቀቡ። ኮርኒስዎ ዝቅ ያለ ከሆነ ጌጡን ከኮርኒሱ ጋር አንድ ነጭ ያድርጉት፣ ከፍ ያለ ያስመስለዋል። ወርቃማ መስመር ይጨመር ካሉዎት ግን እባክዎ እምቢ ይበሉ።

ጥያቄ፦ እኔም አዳማ ነኝ፣ ኮንዶሚኒየም። ጂፕሰሙ ትናንት ተለጠፈ፣ ሠራተኛው ዛሬ ቀለም ልቀባ ይላል። ይሁን?

መልስ፦ አይሁን! ጂፕሰሙ ውስጥ ገና ውሃ አለ። አሁን ከተቀባ ቀለሙ ይነፋል፣ ይላጣል። ጠቆር ያለ ቦታ ካለው ወይም ስትነካው ከቀዘቀዘህ አልደረቀም። መስኮት ከፍተህ ተወው፣ ዙሪያውን እኩል እስኪነጣ ድረስ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ያለስልሰው፣ ብናኙን ይጥረግ። ጂፕሰም ቀለም ይመጥጣል፣ ስለዚህ የመጀመሪያው እጅ በውሃ ቀጠን ይበል፣ ቀጥሎ ሁለት እጅ። ቸኩያለሁ ካለህ ቀሪውን ሂሳብ ያዝ፣ ቀለሙ ደርቆ ስታየው ትከፍለዋለህ።