ከማሳ ዳር የሞተ ቁራ፦ የትኛው ምርመራ ይደረግለት?

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ ዙሪያ በቦርከና ወንዝ ዳር አትክልት የማለማ አርሶ አደር ነኝ። ክረምቱ እንደወጣ ቢምቢው በበረታበት ሰሞን ሁለት ቁራዎች ከማሳዬ ዳር ሞተው አገኘሁ። ቢምቢ ከወፍ ወደ ፈረስና ወደ ሰው የሚያሻግረው በሽታ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ሠላሳ ዶሮዎችና አንድ የጋሪ ፈረስ ስላሉኝ፣ የትኛውን ምርመራ ላስደርግ?

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 በኡጋንዳ የተገኘውና በተገኘበት አካባቢ ስም የሚጠራው የዌስት ናይል ቫይረስ የሚኖረው በዱር አእዋፍና ኩሌክስ በሚባለው የቢምቢ (የትንኝ) ዓይነት መካከል ሲሆን፣ ፈረስና ሰው በትንኙ ተነክሰው ሊታመሙ ቢችሉም በደማቸው የሚገኘው ቫይረስ አነስተኛ ስለሆነ በሽታውን መልሰው ለትንኝ አይሰጡም። ቁራ ደግሞ በዚህ ቫይረስ ክፉኛ ከሚጠቁት አእዋፍ አንዱ ነው። ሆኖም ቁራ የተመረዘ ውሻ ሬሳ በልቶም ይሞታል፤ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታና የወፍ ጉንፋንም ሊገድሉት ይችላሉ።

ከምርመራው ዓይነት በፊት ወፉ የሞተ ነው ወይስ በሕይወት ያለ የሚለው መታወቅ አለበት። ቫይረሱ በወፍ ደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት፣ ቢበዛ ለአንድ ሳምንት ያህል ነው፤ ሰውነቱ ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል ግን ከዚያ በኋላ ተፈጥሮ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ አዲስ ለሞተ ቁራ እኔ የምመርጠው ከጉሮሮው በጥጥ ተጠርጎ ወይም ከአንጎሉና ከኩላሊቱ ተወስዶ የሚሠራውን ፒሲአር ነው፤ የቫይረሱን ዘረ መል ራሱን ስለሚፈልግ ጥቂት ቢሆንም ያገኘዋል፣ ከዚያው ናሙና ፈንግልንና የወፍ ጉንፋንንም ማየት ይቻላል። በደቂቃዎች መልስ የሚሰጡ ፈጣን መመርመሪያዎች ብዙ ቫይረስ በሚሸከም ቁራ ላይ ጥሩ ቢሠሩም፣ በሌሎች ወፎች ላይ ብዙ ስለሚያመልጣቸው «የለም» ሲሉ አልተማመንባቸውም።

በሕይወት ላለ ወፍ የደም ምርመራው ፀረ እንግዳ አካሉን የሚፈልገው ኢላይዛ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ችግር አለ፤ የተለመደው ኢላይዛ የየወፉን ዝርያ ፀረ እንግዳ አካል የሚያውቅ መለያ ይፈልጋል፣ ለዶሮ ይገኛል፣ ለቁራ ግን በቀላሉ አይገኝም። ለማንኛውም ዝርያ የሚያገለግለው በውድድር የሚሠራው፣ ማለትም የወፉ ፀረ እንግዳ አካል አስቀድሞ ከተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ጋር የሚወዳደርበት ዓይነት ነው። እሱም ቢሆን እንደ ኡሱቱ ያሉ የቅርብ ዘመድ ቫይረሶችን ከዌስት ናይል ሊያምታታ ስለሚችል፣ ለመለየት በሕይወት ያለ ቫይረስ ከደሙ ጋር ተቀላቅሎ የሚታይበት የማምከን ምርመራ ያስፈልጋል፤ ይህ ቀናት የሚፈጅና ከፍተኛ ጥንቃቄ ባለው ላቦራቶሪ ብቻ የሚሠራ ነው።

ለእርስዎ የምመክረው ይህ ነው። ሌላ ቁራ ቢያገኙ በባዶ እጅ አይንኩት፤ እጅዎን በፌስታል ሸፍነው፣ በድርብ ፌስታል አስረው፣ ከምግብ ርቆ በበረዶ መካከል አድርገው በዚያው ቀን ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ያድርሱ፤ በሙቀት አንድ ቀን ያደረ ሬሳ ናሙናነቱ ይበላሻል። የኮምቦልቻው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ምን እንደሚሠራ፣ ምን ሰበታ ወዳለው ብሔራዊ ላቦራቶሪ እንደሚላክ ሐኪሙ ይነግርዎታል። አዋቂ ዶሮዎች በዚህ ቫይረስ እምብዛም አይታመሙም፤ ይልቁንም ሐኪሙ ከአምስት ዶሮዎች ክንፍ ሥር ደም ወስዶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢደግመውና መጀመሪያ ነጻ የነበሩት ፀረ እንግዳ አካል ቢያሳዩ፣ ቫይረሱ በሰፈርዎ እየተዘዋወረ መሆኑን ያውቃሉ። ትንኝ ለዶሮ የሚያመጣው ዋና ጣጣ የዶሮ ፈንጣጣ ነው፤ በኩክኔና በዓይን ዙሪያ ቅርፊት ካዩ ለሐኪሙ ያሳዩ፣ ክትባትም አለው። ፈረስዎ በኋላ እግሩ ከተንገዳገደ ወይም ከንፈሩ ከተንቀጠቀጠ ግን ከቁራው ይልቅ የእሱ ደም ይቀድማል፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይጥሩ።