መልስ፦ ለሚያስመልሰው የ5 ወር ልጄ መድኃኒት ልስጠው?

እህቴ፣ ልጅሽ በጠባ ቁጥር እንደሚያስመልሰው ጽፈሽ ኦሜፕራዞል ይሻለዋል ወይስ የትውከት ማስታገሻው ሜቶክሎፕራማይድ ብለሽ ጠይቀሻል። ጭንቀትሽ ይገባኛል፤ የእኔም ልጅ ትከሻዬ ላይ ሳታስመልስ የዋለችበት ቀን አልነበረም።

ኦሜፕራዞል የጨጓራን አሲድ ይቀንሳል እንጂ ትውከቱን አያቆምም። ወተቱ ያው ይወጣል፣ ኮምጣጣነቱ ብቻ ይቀንሳል። ክብደቱ እየጨመረ፣ እየሳቀ እየተጫወተ የሚያስመልስ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም። ሜቶክሎፕራማይድን ግን አደራ፣ በራስሽ እንዳትሰጪው! አንገትንና ዓይንን የሚያጣምም የጡንቻ መኮማተር ሊያመጣ ይችላል፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ1 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ ያለውም ለዚህ ነው። ሌላው የትውከት ማስታገሻ ዶምፐሪዶንም የልብ ምት ሊያዛባ ስለሚችል ያለ ሐኪም አይነካም።

እኔን የረዳኝ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው። መሃል ላይ አስገሳታለሁ፣ ከጠባች በኋላ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ ደረቴ ላይ ቀጥ አድርጌ እይዛታለሁ፣ ዳይፐሯን ሆዷ ላይ አላጠብቅም። ስትተኛ ግን ሁሌም በጀርባዋ ነው። አብዛኞቹ ልጆች ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ይተዋቸዋል።

ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ካለበት፣ በኃይል ተፈናጥሮ የሚወጣ ከሆነ ወይም ሽንቱ ከቀነሰ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። ክብደቱ አልጨምር ካለም አትቆዪ። ስትሄጂ የጠባበትንና ያስመለሰበትን ሰዓት፣ የትውከቱንም መልክ ጽፈሽ ያዢ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።