የገና ዕቃ ከባሕር ዳር ጭኜ ልሂድ ወይስ እዚያው ልግዛ ላልሽው

እህቴ፣ ደብረ ማርቆስ ላሉ ቤተሰቦችሽ ከሆነ ምን ያሸክምሻል? እዚያው ግዢ። ዘይትና ስኳር ከሰፈር ሱቅ ይገኛል፤ ወር መጨረሻ ላይ በዱቤ የሚያኖረን ያ ሱቅ አይደል እንዴ።

ለአባትሽ ጋቢ ካሰብሽ ግን አሁኑኑ ሸማኔ ጋ ደውዪ። የማርቆስን ብርድ ታውቂዋለሽ፣ ከሱቅ ተንጠልጥሎ የሚሸጠው ስስ ነገር አይመክተውም። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፣ ፈትሉ አለ፣ ሽመናው አለ፣ ጥለቱ አለ፣ ደግሞ ለበዓል ሁሉም አንዴ ነው የሚያዘው። እኔ አምና ገና ሳምንት ሲቀረው ሄጄ ሸማኔው ሳቀብኝ። ቀብድ ስጪው፣ ድርና ማግ የሚገዛው በእሱ ነው።

ቅቤውን ጾሙ ሳይፈታ ግዢ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ፈላጊው ይቀንሳል፣ የገና ዋዜማ ግን ዋጋው አይቀመስም። ከምታውቂያት ባላገር ግዢና አንጥሪው፤ ካላወቅሽ እናትሽ ያሽትቱት፣ የተቀላቀለ ነገር አለ። በርበሬ የቡሬ ይሁንልሽ። ዶሮና እንቁላልም ከገበያ፣ ቄጤማውም ከልጆቹ። የፕላስቲክ ዛፉን እንኳ ተዪው ባይ ነኝ፣ ግን የራስሽ ጉዳይ ነው።

ደግሞ እባክሽ ጉልት ላይ ለአምስት ብር አትከራከሪ። ሱፐርማርኬት ውስጥ የተጻፈውን ዝም ብለን ከፍለን እንወጣለን፣ ሽንኩርት ሻጯ ጋ ስንደርስ ጠበቃ እንሆናለን። ደንበኛ ከሆንሽ ምርቃቱን ራሷ ትጨምርልሻለች።