ስለ ፈረስ መኖ ለጠየቃችሁኝ፦ ፉርሽካ፣ ገብስ፣ ውሃና የተረፈ የዶሮ መኖ

ሰላም ሰላም፣ ስለ ላም መኖ ስጽፍ ባለፈረሶች «እኛስ?» ብላችሁ ስለወረዳችሁብኝ የዛሬው በሙሉ የናንተ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስምም አልጠራሁም።

«ቢሾፍቱ ጋሪ ነው የምነዳው። ጠዋት ከመውጣቴ በፊትና ማታ ፉርሽካ በደንብ አበላዋለሁ፣ ቀን ምንም አይበላም። እየከሳ ስለሆነ ፉርሽካውን ልጨምር?»

ወንድሜ፣ ፉርሽካውን ተወውና ድርቆሹን ጨምር። የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ነው፣ ትልልቆቹ የፈረንጅ ፈረሶች እንኳ ከ8 እስከ 15 ሊትር ቢይዝ ነው፣ አሲዱ ግን በላም አልበላም ቀኑን ሙሉ ሲመነጭ ነው የሚውለው፣ ስለዚህ ጠዋት ጠቅጥቆ በልቶ እስከ ማታ ባዶ ሆዱን ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ጨጓራው ይቆስላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዴንማርክ ውስጥ 201 ፈረሶች ላይ የወጣ ጥናት አለ፣ ገለባ ብቻ የሚበሉት፣ ከሳር ወደ ሳር ከ6 ሰዓት በላይ የሚቆዩት፣ እህል የሚበዛላቸውና ውሃ የማያገኙት ናቸው ጨጓራቸው በብዛት ቆስሎ የተገኘው። የኛ ጋሪ ፈረስ ስንቱን እንደሚያሟላ ቁጠረው እንግዲህ!

ሌላው፣ ፉርሽካ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ የካልሲየሙን 8 እና 9 እጥፍ ይደርሳል። ሰውነቱ ካልሲየም ሲያጣ ከራሱ አጥንት መሳብ ይጀምራል፣ ቆይቶ የፊቱ አጥንት ያብጣል፣ ያነክሳል፤ ድሮ አውሮፓ ውስጥ ፉርሽካ እንደ ልብ የሚያገኙት የወፍጮ ቤት ፈረሶች ነበሩ በዚህ የሚታወቁት። ጨርሰህ አቁም አላልኩም፣ አንድ ሁለት ጣሳ ከድርቆሽ ጋር ችግር የለውም፣ አልፋልፋ ካገኘህ ደግሞ በካልሲየም ያግዝሃል። ዋናው ግን ተራ ስትጠብቅ ድርቆሽ የሞላ ከረጢት አንጠልጥልለት፣ አስር ደቂቃም ብትሆን ያኝክ።

«ስንት ኪሎ ድርቆሽ ይበቃዋል? ሚዛን ከየት ላምጣ?»

የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃሃል። ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለካ፣ ከዛ ርዝመቱን ከትከሻው ፊት ጫፍ እስከ ቂጡ አጥንት። ዙሪያውን በራሱ አባዛ፣ በርዝመቱ አባዛ፣ ለ11,880 አካፍል። ዙሪያው 150 ሳንቲ፣ ርዝመቱ 155 ከሆነ ወደ 294 ኪሎ ይመጣል። ቀመሩ አውስትራሊያ ውስጥ የተሰራ ስለሆነ ለኛ ፈረስ ግምት ነው፣ ግን በአይን ከመገመት ይሻላል። ከክብደቱ ቢያንስ 1.5 በመቶ ድርቆሽ ወይም ሳር በደረቁ ይፈልጋል፣ ለ300 ኪሎ ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ገደማ ማለት ነው፣ ለሚሰራ ደግሞ ጠቅላላ መኖው 6 እና 7 ኪሎ ቢሆን ጥሩ ነው።

«እንጅባራ ነኝ። ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል ፈረሴ እንዲጠነክር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ገብስ በብዛት እጀምርለታለሁ። አምና በዋዜማው ቁርጠት ይዞት ሲንከባለል አደረ፣ ቡዳ ነው የሚሉም አሉ።»

ቡዳውን እንተወውና ገብሱን እንየው። ጥሬ ገብስና በቆሎ ትንሹ አንጀት ላይ በደንብ አይፈጭም፣ የተረፈው ስታርች (የእህሉ ዱቄታማ ክፍል) ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና ባንዴ ይቦካል፣ አሲድ ይሆናል፣ ሳር የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፣ ከዛ ቁርጠት ነው ወይ ደግሞ ኮቴው ሞቆ መርገጥ ያቅተዋል። ፈረስ ደግሞ ማስመለስ አይችልም፣ የገባ ገባ ነው። አጃ በዚህ ይሻላል፣ ስታርቹ ትንሹ አንጀት ላይ በብዛት ያልቃል። ገብስ ካልክ ቀቅለው፣ በአንድ ጊዜም ለ300 ኪሎ ፈረስ ከግማሽ ኪሎ አትለፍ፣ ማብዛት ከፈለግክ በቀን ሦስት አራት ቦታ ከፋፍለው። ባክቴሪያዎቹ አዲስ መኖ እስኪለምዱ አስር ቀንም ሁለት ሳምንትም ስለሚፈጅ በየቀኑ እፍኝ እፍኝ እየጨመርክ ከታኅሣሥ መጀመሪያ ጀምር። ውጭ አገር ለጉልበት ዘይት ይጨምሩበታል፣ ይሰራልም፣ ግን በዚህ ኑሮ ዘይት ለፈረስ ብዬ ብመክርህ ሚስትህ ለኔ ነው የምትደውለው።

«በላብ ተጠምቆ ሲመጣ ውሃ ከጠጣ ይሞታል ይላሉ፣ እውነት ነው?»

አይደለም። ትንፋሹ እስኪረጋ ቀስ ብለህ እያራመድክ አጠጣው፣ መከልከሉ ነው የሚጎዳው፣ ውሃ ያጣ ፈረስ ድርቆሹ አንጀቱ ውስጥ ደርቆ ይቆምበታል። የፈረስ ላብ ከደሙ የበለጠ ጨዋማ ስለሆነ አሞሌ ጨው የሚልሰው ነገር አጠገቡ አድርግለት፣ ሳይሰራ እንኳ በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ይፈልጋል።

«አህያዬ ገለባ ብቻ እየበላች ወፍራም ናት፣ ፈረሱ ለምን አይሆንለትም?»

አህያ ደረቅ አገር የለመደች ናት፣ ከገለባ የምታወጣው ጉልበት ከፈረስ ይበልጣል። ለፈረስ ገለባ ማሟያ ነው እንጂ ብቻውን አይሆንም፣ በተለይ ጥርሱ ካረጀ።

«ዶሮዎቼን ሸጬ አንድ ጆንያ የዶሮ መኖ ተርፎኛል፣ ለፈረሱ ብሰጠው?»

እህቴ፣ በፍጹም! የዶሮ መኖ ላይ ለኮክሲዲያ (የዶሮ የአንጀት በሽታ) መከላከያ ሞነንሲን የሚባል መድኃኒት ሊቀላቀል ይችላል፣ ለዶሮ ምንም አይልም፣ ፈረስን ግን በኪሎ ክብደቱ 2 እና 3 ሚሊግራም ሊገድለው ይችላል፣ ከዛ ያነሰውም የልብ ጡንቻውን ይጎዳዋል፣ ማርከሻ ደግሞ የለውም። ጆንያው ላይ ስላልተጻፈ የለበትም ማለት አይደለም። ዶሮ ላላት ጎረቤት ሽጪው፣ ፈረሱ ቀድሞ ቀምሶት ከሆነና ካላበው፣ ከደከመው ወይ መኖ ከጠላ ዛሬውኑ ለእንስሳት ሐኪም አሳዪው።