መልስ፦ ቻርልስ ፓርላማውን ለምን መልሶ ጠራው?

ወንድሜ፣ «የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ 11 ዓመት ያለ ፓርላማ መግዛት ከቻለ፣ በ1640 ለምን መልሶ ጠራው?» ላልከው፣ መልሱ ባጭሩ ገንዘብ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዳቸው።

ግብር ለመጣል የፓርላማ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ንጉሡ ግን ፓርላማውን በ1629 ስለበተነ ሌላ መንገድ ፈለገ። ዋናው «የመርከብ ገንዘብ» ነው። ድሮ በጦርነት ጊዜ የባሕር ዳርቻ ሰዎች የሚከፍሉት ነበር። እሱ በ1635፣ በሰላሙ ጊዜ፣ የመሀል አገሩንም ሰው ክፈል አለው።

ጆን ሃምፕደን የሚባል ባለርስት እምቢ አለ። የተካሰሱበት ገንዘብ 20 ሺሊንግ ብቻ ነው፤ ለሱ ኢምንት። የቆመው ለመርህ ነበር። ከ12 ዳኞች 7ቱ ለንጉሡ ፈረዱ፣ 5ቱ ለሃምፕደን። በእኔ እምነት ንጉሡ ረትቶ የተሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ አልከፍልም ባዩ በዛ።

በዚህ መሀል እሱው በሚገዛት ስኮትላንድ ላይ አዲስ የጸሎት መጽሐፍ ሊጭን ሞከረ፤ ስኮቶች አመፁ። ጦር ደግሞ ያለ ገንዘብ አይንቀሳቀስም። በኤፕሪል 1640 ፓርላማውን ጠራ፣ በሦስት ሳምንት በተነው። ስኮቶች ሰሜን እንግሊዝን ሲይዙበት በኖቬምበር ድጋሚ ጠራው።

ይኼኛው ግን በቀላሉ የሚበተን አልሆነም። ጃንዋሪ 4፣ 1642 ንጉሡ ወታደር አስከትሎ አምስት አባላትን ሊይዝ ምክር ቤቱ ገባ። ሃምፕደን አንዱ ነው። ሰዎቹ ቀድመው በጀልባ አምልጠዋል። «የት አሉ?» ሲል አፈ ጉባኤው ዊልያም ሌንታል ተንበርክኮ፣ ምክር ቤቱ ካላዘዘኝ የማይበት ዓይንም የምናገርበት ምላስም የለኝም አለው። ንጉሡ ባዶ እጁን ወጣ። በኦገስት በንጉሡና በፓርላማው መካከል ጦርነት ተጀመረ።