«በባለቤቴ ቤተሰብ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ስሜ የለም»

በቅድሚያ የደብዳቤውን ፍሬ ነገር ለአንባቢያን ላካፍል። ጠያቂያችን የሚኖሩት በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ ጥቁር ደን በሚባለው አካባቢ፣ ከኦበርኪርኽ ከተማ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። ባለቤታቸው ከቼሪና ከፕለም አረቄ በማውጣት የሚተዳደር የገበሬ ቤተሰብ ልጅ ናቸው። የባለቤታቸው አባት የቤቱን ታሪክ በመጽሐፍ አሳትመው አረቄው በሚሸጥበት ክፍል ደርድረውታል። ጠያቂያችን በየዓመቱ ፍሬ ሲለቅሙ፣ ጠርሙስ ሲሞሉና ሲያሽጉ ከዐሥር ዓመት በላይ ቢቆጠርም በመጽሐፉ ውስጥ ስማቸውም ፎቶግራፋቸውም የለም። ለባለቤታቸው ቅሬታቸውን ሲያቀርቡ «አባቴ ነው የጻፈው፣ ተይው» ተባሉ። አሁን የሚጠይቁት ባለቤታቸው አባታቸውን ደፍረው እንዲናገሩ ምን ቢያደርጉ እንደሚሻል ነው፤ ይህ ካልሆነም ልጆቻቸውን ይዘው ለመውጣት ያስባሉ።

እህቴ፣ ማዘንዎ ተገቢ ነው። የሠሩበት ቤት ታሪኩን ሲጽፍ ሰውን ሳያነሳ ካለፈ ልብ ይሰብራል፤ ይህን ለማስተባበል አልሞክርም። ነገር ግን የባለቤትዎ አባት ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደ ጻፉ አብረን እንመልከት። መንደርዎ ባለበት ሸለቆ አረቄ የማውጣት መብት ለገበሬዎች የተሰጠው በ1726 እ.ኤ.አ. በስትራስቡርግ ልዑል ጳጳስ እንደሆነ ይነገራል። ዛሬም አነስተኛ አረቄ አውጪ በዓመት ማውጣት የሚችለው እስከ 300 ሊትር ንጹሕ አልኮል ብቻ ነው፤ እሳት ከማንደዱ በፊትም ለጉምሩክ ማስታወቅ አለበት። የእርሻው ይዞታ ሳይከፋፈል ለአንድ ልጅ፣ በጥንቱ ልማድ ብዙ ጊዜ ለመጨረሻው ወንድ ልጅ ይተላለፋል። እንዲህ ባለ ቤት ታሪክ ሲጻፍ መብቱ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ ይቆጠራል እንጂ ማን ምን እንደ ሠራ አይቆጠርም። በዚያ ላይ ትርፍ አልኮላቸውን በተደጎመ ዋጋ ይረከባቸው የነበረው የመንግሥት ሞኖፖል በ2017 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ስለ ተዘጋ፣ አሁን ገዢ የሚያመጣላቸው የራሳቸው ስምና ታሪክ ብቻ ነው። እንደሚመስለኝ ሽማግሌው መጽሐፉን የጻፉት ያቆዩት ቤት በእጃቸው ላይ እንዳይዘጋ ፈርተው ነው። ፍርሃታቸው እርስዎን መዝለላቸውን ትክክል አያደርገውም፤ የተጻፈው እርስዎን ለማግለል እንዳልሆነ ግን ያሳያል።

ሌላም ያለፉት ነገር አለ። መጽሐፉ በቤቱ ሲመረቅ የባለቤትዎ እናት አንድም ቃል ሳይናገሩ ጠርሙስ ላይ ምልክት ሲለጥፉ እንደ ነበር ጽፈው፣ ዝምታቸውን እንደ ንቀት ወስደውታል። በደብዳቤዎ እንደ ገለጹት ግን መጽሐፉ እርሳቸውንም የሚያነሳው በሠርጋቸው ዕለት ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ሴትዮዋ በዚያች ሰዓት የናቁት ማንን እንደሆነ፣ ወይም ጭራሽ ንቀት መሆኑን፣ እርግጠኛ ነዎት?

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ደብዳቤዎ ረጅም ነው፤ ስለ ግድግዳው ፎቶግራፎች እንኳ ሳይቀር በዝርዝር ይተርካል። ስለ እናትዎ ያለው ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ እሱም በቅንፍ ውስጥ ገብቷል፦ «እናቴም አርሲ ነገሌ አረቄ ታወጣ ነበር፤ ለእነሱ ነጋዴ ነበረች ብያቸዋለሁ»። ከዚያ ዝቅ ብለው፣ ለሌላ ጉዳይ ማስረጃ አድርገው፣ አንድ ቀን በማውጫው ክፍል የሆነውን ይነግሩኛል። የመዳቡ ጋን ሊጨርስ ሲቃረብ ከቱቦው ጫፍ ጠብታ ተቀብለው በመዳፍዎ አሹት፣ አሸተቱትና «አሁን ደከመ» አሉ። የባለቤትዎ አባት በመለኪያቸው ቢያዩት ልክ ነበሩ፤ ጠንካራው አልቆ መለየት ያለበት ደካማው መውረድ ጀምሯል። ተገርመው «በምን አወቅሽ?» ሲሉ፣ እርስዎ «እንዲያው ገመትኩ» ብለው መለሱ።

አልገመቱም። ከእናትዎ ተምረውታል። ሰውየው የሕይወታቸውን ሥራ ከእርስዎ ጋር የሚያገናኘውን በር ራሳቸው ከፍተው ሲጠይቁዎ፣ የዘጉት እርስዎ ነዎት።

ለምን እንደ ዘጉት ይገባኛል ብዬ አስባለሁ። የእናትዎን ሥራ የሚያውቅ ሰው ልፋቱን ያውቃል። ጥንስሱን በጌሾና በብቅል አሰናድቶ፣ ድፍድፉ እስኪደርስ ጠብቆ፣ ማሰሮውን በእንጨት እሳት ጥዶ፣ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ጠብ እያለ እስኪጠራቀም ድረስ ጭስ ላይ መዋል ነው። በአብዛኛው የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ባል የሞተባቸውና ልጆች ለብቻቸው የሚያሳድጉ በመካከላቸው ጥቂት አይደሉም። አረቄው በጀሪካን ተጭኖ ሲሄድ የቤት ኪራይና የልጅ ደብተር ይገኝበታል፤ አክብሮት ግን አይገኝበትም። «በትምህርት ቤት ምን እየተባልኩ እንዳደግሁ የማውቀው እኔ ነኝ» ብለዋል፤ የተባሉትን አልጻፉትም፤ የአረቄ ሻጭ ልጅ የሚባል ሕፃን ምን እንደሚሰማው ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ አድገው፣ አግብተው፣ ያንኑ ሥራ በሰው አገር የትውልድ መኩሪያ ሆኖ በክፈፍ ተሰቅሎ አገኙት። እርስዎን ያሳፈረዎት ነገር ባለቤትዎን ያኮራል። ይህን በየቀኑ እያዩ ለማንም ሳይተነፍሱ መኖር ከጠርሙስ ማጠቡ ይልቅ ሳያደክምዎ አልቀረም።

ስለ ራሱ አንድ ነገር ደብቆ የሚኖር ሰው፣ ሌሎች ሳያነሱት ባለፉ ቁጥር ሚስጥሩ የታወቀበትና የተፈረደበት ይመስለዋል። የመጽሐፉ ዝምታ እንዲህ የከበደዎ በከፊል ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ቅር ቢሰኙብኝም እላለሁ፦ የባለቤትዎ አባት የእርስዎን ድርሻ ሳይጽፉ አለፉ፤ እርስዎ ደግሞ የእናትዎን ድርሻ ባለቤትዎ እንኳ እንዳያውቁት አደረጉ። ሰውየው ያዩትን ልፋት ማስፈር ነበረባቸው፤ ለዚያ ተጠያቂ ናቸው። ከየት እንደ መጡና ምን እውቀት ይዘው እንደ ገቡ ግን ማንም ስላልነገራቸው ሊጽፉት አይችሉም ነበር። ባለቤትዎም «ተይው» ያሉት ነገሩ ከአንድ ፎቶግራፍ ያለፈ መሆኑን ሳያውቁ ነው፤ ስለዚህ እስካሁን ባልነገሯቸው ነገር አልቆሙልኝም ብለው ባይፈርዱባቸው እመርጣለሁ።

የሚደረገውን በተመለከተ ብዙ አልመክርም። እናትዎ በሕይወት ስላሉ፣ ምናልባት የመጀመሪያው ንግግር ከእርሳቸው ጋር ቢሆን ይሻላል፤ ደውለው ስለ ሥራው ይጠይቋቸው፣ ማውራት ካልፈለጉም አይጫኗቸው። ቀጥሎ ለባለቤትዎ እውነቱን ይንገሩ፤ በዚያው ቀን ስለ መጽሐፉ ባይነሳ መልካም ነው። ለሽማግሌው መንገር አለመንገር የእርስዎ ፈቃድ ነው፤ ከነገሩም ሥራ በሚበዛበት ወቅት አይሁን። መጽሐፉ ዳግም ሲታተም ይታረም ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ መልሱ ግን ሊዘገይ ይችላል፤ ጭራሽ እምቢ ሊሉም ይችላሉ።

ልጆቹን ይዞ ስለ መውጣት ያነሱትን በአንድ ደብዳቤ ልመልሰው አልደፍርም፤ ይህ ሁሉ ሳይነገር እንዲወስኑም አልመክርም። በጀርመን እንደ ካሪታስና ዲያኮኒ ያሉ ድርጅቶች ለትዳርና ለቤተሰብ በአካል የሚሰጥ የምክር አገልግሎት አላቸው፤ ስለ እናትዎ በጀርመንኛ ማውራት ከከበደዎ አማርኛ የሚችል ባለሙያ ይፈልጉ። ባለቤትዎ አብረው ቢመጡ ጥሩ ነው፤ እምቢ ቢሉ ግን እርስዎ ብቻዎን ይጀምሩ።