ስደተኛ እናቶችን ለማገልገል ወደ አቴንስ ልሂድ?

ጥያቄ፦ በፍራንክፈርት ከተማ በአንድ ሆስፒታል የአራስ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ። በመጪው ሐምሌ የሦስት ሳምንት ዕረፍቴን አቴንስ ሄጄ ስደተኛ እናቶችንና ጨቅላዎቻቸውን በሚረዳ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ላሳልፍ አስቤአለሁ። የማኅበራችን እህቶች ይህን ሲሰሙ የሕፃናት ዱቄት ወተትና ጡጦ ይሰበስቡልኝ ጀምረዋል። ዐረብኛም ሆነ ፋርስኛ አልችልም። መሄዴ ይጠቅማል?

መልስ፦ እህታችን፣ ይሂዱ፤ ዱቄት ወተቱንና ጡጦውን ግን ይዘው አይሂዱ። የእህቶችዎን ቸርነት ለማሳነስ ሳይሆን፣ በመጠለያ ጣቢያ ውስጥ ያለ ሕፃን በዚህ ስጦታ ሊጎዳ ስለሚችል ነው። የጡት ወተት የሚመነጨው ሕፃኑ በጠባው መጠን በመሆኑ፣ ያለ በቂ ምክንያት የተጨመረ ጡጦ የእናቲቱን ወተት ይቀንሳል፤ ያመጡት ቆርቆሮ ባለቀ ጊዜ እርስዎ ፍራንክፈርት ተመልሰዋል፣ እናቲቱ ደግሞ የምታጠባው አንሷታል። ከዚህም በላይ ዱቄቱ ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ባላነሰ ሙቅ ውኃ መበጥበጥ አለበት፤ ምድጃና ንጹሕ ውኃ በሌለበት ድንኳን ይህ ዘወትር አይቻልም። በአደጋ ጊዜ የሕፃናት አመጋገብን የሚመለከቱ ዓለም አቀፍ መመሪያዎች የዱቄት ወተትና የጡጦ ልገሳን የማይቀበሉት በዚህ ምክንያት ነው። እናቱ የሞተችበት ወይም የተለየችው ሕፃን በእርግጥ ዱቄት ወተት ያስፈልገዋል፤ እርሱ ግን በባለሙያ ታይቶ፣ እስከሚያስፈልገው ዕድሜ ሳይቋረጥ ማግኘት አለበት፤ የሚጠጣውም ለማጠብ በሚቀል ክፍት ኩባያ ቢሆን ይመረጣል።

«ከድንጋጤው የተነሣ ወተቴ ደረቀ» የሚሉ እናቶች ያጋጥሙዎታል። ሐሳብና ፍርሃት የወተቱን አወራረድ ለጊዜው ሊያዘገዩ ይችላሉ እንጂ ምንጩን አያደርቁም፤ ይህንን ረጋ ብሎ የሚነግራት ሰው ማግኘቷ ራሱ እርዳታ ነው። የሕፃኑ አፍ በሰፊው ተከፍቶ፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ አገጩ ጡቷን ነክቶ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ከተወለደ አምስት ቀን ያለፈው ሕፃን በቀን ስድስት ያህል ጊዜ ዳይፐሩን በሽንት በደንብ ካረጠበ ወተቱ እየደረሰው ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ሆኖም በጀርመን ነርስ መሆንዎ በግሪክ ሕክምና ለመስጠት ስለማያስፈቅድዎ፣ የሚያሠጋ ነገር ባዩ ቁጥር ለድርጅቱ አዋላጅ ያስተላልፉ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ከ850 ሺህ በላይ ሰዎች በባሕር ግሪክ ሲገቡ፣ ልጆቻቸውን በክንዳቸው ታቅፈው ወደ ሰሜን ለሚጓዙ ወላጆች ኬሪ ዘ ፊውቸር የተባለው ድርጅት የሕፃን ማዘያ ያድል ነበር። ለጥቂት ቀናት የመጣ በጎ ፈቃደኛ አንድ ማዘያ በአባት ትከሻ ላይ አስተካክሎ ቢያስር በቂ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 የሰሜኑ መንገድ ሲዘጋ ግን ሰዎቹ እዚያው ቀሩ፤ እርግዝናውም፣ ወሊዱም፣ አራስነቱም ግሪክ ውስጥ ሆነ። ስለዚህ እንደ አሙርቴል ያሉ፣ በአቴንስ ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችን በአዋላጆች የሚከታተሉ ድርጅቶችን ያስቀድሙ፤ እርስዎ ከሄዱ በኋላ እናቲቱን የሚቀበላት ሰው በዚያ አለና።

በአገራችን አራስ ገንፎ የሚያገነፋላት፣ ሕፃኑን የሚያጥብላት፣ ከአጠገቧ የማይጠፋ ሰው አላት። በስደት የተቋረጠባት ይህ ነው፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ ብዙ ቋንቋ አያስፈልግም። ሦስት ሳምንት ብቻ እንዳለዎት በማመልከቻዎ በግልጽ ይጻፉ፤ የረዘመ ቆይታ የሚፈልጉ ድርጅቶች ስላሉ ቢከለክሉዎት አይዘኑ። ልብስ ማጠብና መደርደር ቢሰጥዎትም ይቀበሉ። ምክክር ሲኖር ሴት አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ባልየው ወይም ትልቁ ልጅ ቢያስተረጉም እናቲቱ ስለ ደም መፍሰሷም ሆነ ስለ ደረሰባት ጥቃት አትናገርም። ለማኅበሩ ለማሳየት ብለውም የእናቶችንና የሕፃናትን ፎቶግራፍ አያንሱ፤ እርዳታ የምትጠብቅ ሴት እንቢ ለማለት አቅም የላትምና።

በጀርመን ከልጆች ጋር ለሚሠሩ የሚሰጠውን ሰፋ ያለ የወንጀል ሪከርድ ማስረጃ ከአሁኑ ያመልክቱ። ያለዎት የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ከሆነ በግሪክ በ180 ቀናት ውስጥ እስከ 90 ቀናት መቆየት ስለሚያስችል ለጉብኝት ቪዛ አያስፈልግዎትም፤ ነገር ግን የበጎ ፈቃድ ሥራው የሚጠይቀው ሌላ ነገር ካለ ድርጅቱን አስቀድመው ይጠይቁ። እህቶችዎም የገዙትን ወደ ሱቁ መልሰው፣ ገንዘቡን ድርጅቱ ለሚጠይቀው ነገር፣ ለምሳሌ ለዳይፐር ወይም ለእናቶች የትራንስፖርት ወጪ ቢልኩት መልካም ነው።